የአባባ ደሴ ሐዲድ

ባለፈው ሳምንት ከእናቴ ቤት ስወጣ፣ በሁለቱ አሮጌ ብሎኮች መሀል ያለውን ሚቅላት በሩ ተከፍቶ አገኘሁት። ሚቅላት የምንለው ሮኬት ሲመጣ የምንገባበትን መጠለያ ነው። እዚህ እስራኤል፣ ቂርያት ጋት ውስጥ፣ ሮኬት በሌለበት ጊዜ መጠለያ ሥራ አይፈታም፤ አንዱ ጁዶ ይማሩበታል፣ አንዱ ጸሎት ቤት ነው፣ ይሄኛው ደግሞ የትንንሽ ባቡር ሠሪዎች ክበብ ነው። ደረጃው ላይ ስደርስ ሽታው ተቀበለኝ፦ እርጥብ ሲሚንቶ፣ የማሽን ዘይት፣ ከዚያ የሚቀልጥ የብየዳ ቆርቆሮ ጭስ። ያ ጭስ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ሌላው ሰው የልጅነቱ ሽታ ሲመጣበት ዓይኑ እንባ ያቀራል፤ የኔ ቆሽት ነው የሚያርረው።

ውስጥ አንድ የወታደር ልብስ ያልቀየረ ልጅ ጠረጴዛ ላይ አጎንብሶ ሽቦ ይበይዳል። እንግዳ መሆኔን አይቶ ተነሣና ባቡሩን ለቀቀልኝ። ጣት የምታህል ባቡር ሦስት ፉርጎ እየጎተተች ሐዲድ ከተነጠፈበት ሰሌዳ ወደ ሌላው ሰሌዳ ተሻገረች፤ በየመጋጠሚያው ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ትላለች። ጥግ ላይ ያለው አንድ ሰሌዳ ላይ ስትደርስ ግን ድምፅዋ ጠፋ። እልም። ሰሌዳው ሲያልቅ እንደገና ጠቅ አለች።

«ይሄኛው ሁልጊዜ እንዲህ ነው» አለኝ ልጁ። «እንከን የለበትም። ቁጥር እንጂ ስም የለውም። የድሮዎቹ አባላት የሉም፤ ማን ሠራው ብዬ ብጠይቅ የሚያውቅ ጠፋ።»

ማን ሠራው! ወይ ጉድ። ይቺን ጥያቄ እኔ አውቃታለሁ።

ያን ዓመት እናቴ በባቡር እየተመላለሰች ኢንዱስትሪ ቀጠና ውስጥ በፈረቃ ትሠራ ስለነበር፣ ከትምህርት ቤት ስወጣ የሚቀበሉኝ አባቷ ነበሩ፤ አባባ ደሴ። አባባ ጎንደር ገጠር ውስጥ ቀጥቃጭ ነበሩ። ማረሻ፣ ማጭድ፣ ቢላ ይሠሩ ነበር። በአውሮፕላን ከአዲስ አበባ ሲመጡ መሣሪያቸው ሁሉ እዚያው ቀረ፤ እዚህ ፋብሪካ አስገቧቸውና ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ካርቶን ሲያሽጉ ኖሩ። ማረሻ ከብረት የሚያወጣ እጅ፣ ካርቶን! ለማን አቤት ይባላል?

ግን በረንዳችን ላይ፣ በላስቲክ የተጠቀለለች፣ አንድ ክንድ የምታህል የእውነተኛ ባቡር ሐዲድ ቁራጭ ነበረቻቸው። ከየት እንዳመጧት አይናገሩም። «መስፌ ናት» ይላሉ። ብረት የሚቀጠቅጡባት ማለታቸው ነው። የጎረቤት መቀስ፣ የገበያ ጋሪ እግር፣ የተጣመመ ቁልፍ፣ ሁሉም እዚያች መስፍ ላይ ይቀና ነበር። ባለቤቱ ሊያመሰግን ሲመጣ አባባ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው፣ «ኧረ እኔ ምን አደረግሁ፣ ራሱ ነው የተሠራው» ይላሉ። እኔ ደግሞ ሞኝ ነበርኩና አመንኳቸው። የተሰበረ ነገር አባባ አጠገብ ካደረ ራሱን በራሱ ይጠግናል ብዬ፣ የሞተውን ካልኩሌተሬን ትራሳቸው ሥር ደብቄ ሦስት ቀን ጠብቄያለሁ።

ሚቅላቱን ያገኙት እሳቸው ናቸው። ዝናብ ያቆመበት አንድ ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስንመለስ ቀጥ ብለው ቆሙና፣ «ኦሪቴ፣ ከመሬት በታች ብረት በብረት ላይ ይሄዳል» አሉኝ። ወረድን። አምስት ስድስት ትልልቅ ሰዎች ክፍሉን የሞላ ጠረጴዛ ከበው ቆመዋል፤ ጠረጴዛው ላይ ሐዲድ፣ ጣቢያ፣ ዛፍ፣ መብራት። መነጽሩን በገመድ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ረጅም ሰውዬ አየን። ዜቭ ይባላል፤ የክበቡ ኃላፊ ነበር።

«የልጆች ትምህርት ማትናስ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ሥዕል አለ» አለን፤ ማትናስ የሰፈሩ የባህል ማዕከል ነው።

ማን ጠየቀው? ገና ሻሎም እንኳ አላልንም! ሰው ፊት አይቶ የመጣበትን ጉዳይ የሚያውቅ ነቢይ እዚህ ከተማ ውስጥ እንዳለ ማን ያውቃል።

ያዳነችን ሉባ ናት። ሉባ ፉርጎ የምትቀባ አጭር አሮጊት ነበረች፤ ድሮ በአገሯ ባቡር ጣቢያ ሠርታለች፤ ዕብራይስጧ ከአባባ ዕብራይስጥ ብዙም አይሻልም። «ዜቭ፣ ተዋቸው። ይግቡ» አለችና እኔን ሳጥን ላይ አቆመችኝ።

ሰሌዳዎቹ ላይ የጣቢያዎቹ ስም ተጽፏል፦ ቤር ሼባ፣ ቂርያት ጋት፣ ቴል አቪቭ። ዜቭ አንድ ቁልፍ ሲያዞር ባቡሩ ከቂርያት ጋት ወጣ። ልብ በሉ፣ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ግን እውነተኛውን ባቡር ከዚያ ሆነው የሚነዱት መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ሙሉ ወር፣ እናቴ «ዛሬም ባቡሩ ዘገየ» ባለች ቁጥር በሆዴ ዜቭን ስሰድብ ከረምኩ። ለዚያኛው በደል አልነበረበትም። ሌላው ግን ይበቃዋል።

አባል መሆን እፈልጋለሁ ስል ዜቭ ሳቀና አንድ ወረቀት ሰጠኝ። የክበቡ አሠራር እንዲህ ነው፦ አባል የሚሆን ሰው የራሱን ሰሌዳ ሠርቶ ያመጣል። ርዝመቱ፣ ከፍታው፣ ሐዲዱ የሚገባበትና የሚወጣበት ቦታ ለሁሉም አንድ ነው፤ መሀሉ ላይ የፈለገውን ይሥራ። ለሃኑካ በዓል ሰሌዳዎቹ ሁሉ ተገጣጥመው አንድ ረጅም መንገድ ይሆናሉ፤ ከተማው መጥቶ ያያል። መጨረሻ ላይ በወፍራሙ የተሰመረበት አለ፦ በገዛ እጅ የተሠራ መሆን አለበት። ወረቀቱን የመንግሥት ሕግ መስሎኝ በላስቲክ አድርጌ ደብተሬ ውስጥ አስቀመጥኩት። ምኞቴ አንድ ነበር፤ በሃኑካ ያ ባቡር በኔ ሰሌዳ ላይ እንዲያልፍ።

እንጨቱን ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ አገኘነው፤ ሰው የጣለው የቁም ሳጥን በር ነው። ሐዲዱን ሉባ ሰጠችን። ዓመታት የተረሳ የናስ ሐዲድ፣ የተጣመመ፣ የተቆለመመ፣ አንድ ሙሉ ሳጥን። «ይሄ ለቆሻሻ ነው፣ ግን ሌላ የለኝም» አለች። አባባ አንዱን አንሥተው በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። «ቆሻሻ? ታሟል እንጂ አልሞተም» አሉ።

በረንዳው ላይ መስፏን አወጡ። ትንሿን መዶሻ ያዙና ዓይናቸውን ጨፈኑ። በጣታቸው እየዳሰሱ፣ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ፣ ልክ ጥፍር እንደሚያንኳኳ። ዓይናቸውን ሲገልጡ ሐዲዱ ቀጥ ብሏል። ከላይ ያለችው ጎረቤት «ምንድነው ይሄ ጫጫታ! ፋብሪካ ከፈታችሁ እንዴ?» ብላ ጮኸች፤ የራሷን መቀስ ያቀኑላት ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። እርር ድብን አልኩ። አባባ «ተያት ልጄ፣ ዝም አይነቅዝም» አሉኝ።

ብየዳው የኔ ነበር። ሉባ የራሷን የብየዳ ካውያ አውሳኝ፣ እንዴት እንደሚያዝ፣ ቆርቆሮው መቼ እንደሚነካ፣ ጭሱን ወደየት እፍ እንደሚሉ አሳየችኝ። የመጀመሪያዎቹን አበላሸሁ። ጣቴን ተቃጠልኩ። ከዚያ እጄ ለመደ። መጋጠሚያውን ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ እኔ በየድኩት፤ አባባ በጥፍራቸው ይዳስሱና «ይቺ ጎበጠች፣ ድገሚያት» ይላሉ። ደገምኩ። አለቀስኩም። ደግሜ ደገምኩ።

እኔ የአዲሱን ሰፈር፣ የካርሜ ጋትን፣ ፎቆች ልሥራ ብዬ ነበር፤ ያኔ ክሬኖቹ ገና እየቆሙ ነበር። አባባ «የማናውቀውን ቤት እንዴት አድርገን? የምንኖርበትን እንሥራ» አሉ። የኛን ብሎክ ሠራን። በጣሪያው ላይ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያዎቹን ከእናቴ የከንፈር ቀለም ክዳን፣ የልብስ ማስጫ ገመዱን ከክር። ሰዎቹን አባባ ከመዳብ ሽቦ ቀጠቀጧቸው። ፊት የላቸውም፤ ግን አገጩን ዱላው ላይ ያስደገፈው ሽማግሌ ማን እንደሆነ፣ ልጇን አዝላ አውቶቡስ የምታሳድደው ማን እንደሆነች ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል።

«ክፍል ውስጥ እኔ ሠራሁት ልበል?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

«ምን ያደርግልሻል? ሥራው ከታየ ይበቃል። የሠራው ሰው ባይታይ ነው የሚሻል።»

የጨዋ ደንብ መሰለኝ። ተቀበልኩ።

ከሃኑካ ሁለት ሳምንት በፊት ሰሌዳውን በገበያ ጋሪ ጭነን ወሰድነው። አባባ የሰንበት ኮታቸውን ለብሰው ነበር፤ ለዜቭ! ሉባ ያን ቀን አልነበረችም። ዜቭና አንድ ሌላ ሰው ሰሌዳውን ጠረጴዛ ላይ አኖሩትና ባቡሯን ለቀቁ። ድምፅ የለም። እንደገና ለቀቁ። ዜቭ መነጽሩን አጠለቀና ሐዲዱ ላይ ጎንበስ አለ። ሽቦዎቹን ሰዎች አየ። መጋጠሚያዎቹን አየ።

«ይሄን ማን ሠራው?» አለኝ።

«አያቴ ናቸው» አልኩ። «እኔ ምንም አልሠራሁም።»

«ጠይቂው» አለ፤ ዕብራይስጥ አንቱ አያውቅም። ጠየቅኳቸው።

«እኔ ምን አውቄ ልጄ!» አሉ አባባ። «ልጅቱ ናት ሁሉንም የሠራች። እኔማ ቁጭ ብዬ አየሁ እንጂ።»

ቃል በቃል አስተረጎምኩ። ዜቭ ወደኔ ዞረ። «እንግዲያው አንቺ ነሽ።»

«ኧረ እኔ አይደለሁም!» አልኩ። አያቴ አጠገቤ ቆመው እንዴት እኔ ነኝ እላለሁ?

«እሱ ነው?»

«ኧረ እኔ አይደለሁም በይው» አሉ አባባ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው፣ እየሣቁ።

እኛ ቤት ይሄ ጨዋነት ነው። እናቴ ድግስ ደግሳ ሰው ሲያመሰግናት «ጎረቤቶቼ ናቸው» ትላለች፤ ጎረቤቶቿ «ኧረ እሷ ናት» ይላሉ፤ የሚሰማው ሰው ሁሉም እንደለፉ ይገባዋል። ዜቭ ግን ሁለቱን «አይደለሁም» ደምሮ ውሸት አገኘ። የከፈተውን የአባላት ደብተር ዘጋ።

«ስለዚህ ከሁለታችሁ ማንም አልሠራውም። ተገዝቷል፣ ወይ ባለሙያ ሠርቶላችኋል» አለ። ከዚያ ድምፁን አለስልሶ፣ ያ ልስላሴው ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ፣ «በውሸት መጀመር ጥሩ አይደለም፣ ቆንጆዬ። ለአያትሽም አስተርጉሚለት» አለኝ።

አስተርጉሚለት! አያቴ ኮታቸውን ለብሰው፣ የምሥራች እንደሚጠብቅ ሰው አፌን አፌን ያያሉ።

«ምን አለ?» አሉኝ።

«በጣም ያምራል አለ» አልኩ። «በኋላ እንነግራችኋለን አለ።»

አባባ ኮፍያቸውን አነሡ። ጎንበስ አሉና፣ «እግዜር ይስጣችሁ። ዕድሜ ከጤና ይስጣችሁ። ልጆቻችሁን ይባርክላችሁ» ብለው መረቋቸው። ውሸታም ያላቸውን ሰው! በሁለት እጃቸው!

«ምን አለ?» አለኝ ዜቭ።

«ደህና ዋሉ አለ» አልኩት። ምርቃቱን አልሰጠሁትም። እስካሁንም አልሰጠሁትም።

በማግስቱ ሉባ ቤታችን መጣች። ሰሌዳችን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሞ አይታ፣ ምክንያቱን ሰምታ፣ ፊቷ ቀልቶ ነው የመጣችው። ለእናቴ ነገረቻት። እናቴ ወደኔ ዞረች። «ኦሪት፣ ለአባባ ምን ብለሽ ነው ያስተረጎምሽው?» አንገቴን ደፋሁ። ያኔ ለአባባ እውነቱን ነገረቻቸው። ወዲያው ደግሞ በእሳቸው ላይ ቱግ አለች።

«ምነው አባ! ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል አልሰሙም? እኔ ነኝ ማለት ምን ነበረበት?»

አባባ መዳፋቸውን ዘርግተው አሳዩኝ።

«እዚያ አገር ‹ይሄን ማን ሠራው?› ሲባል ለምስጋና መስሎሻል?» አሉኝ፤ እናቴን ሳይሆን እኔን። «ማረሻ ሠርቼ እሰጣለሁ። ሲመሽ የሰውዬው ልጅ ትኩሳት ይይዘዋል። ‹ቤታችሁ ምን ገባ? ማን ሠራው?› ይባላል። ቀጥቃጩ ነው፣ ቡዳው ነው፣ በላው። ዱላ ይዘው ይመጡብናል። አባቴ ‹ራሱ ነው የተሠራው በል› ብለው አስተማሩኝ። እኔ ደግሞ ላንቺ አወረስኩሽ። እዚህ ምን ሊጠቅምሽ! በደልኩሽ ልጄ።»

አያቴ ይቅርታ ሲጠይቁኝ ያንጊዜ ብቻ ነው። በደልኩሽ ማለት የሚገባቸው ስንት ሰዎች ዝም ብለው፣ እሳቸው!

«ካውያሽን ያዢ» አሉኝ።

ክበቡ ሰሌዳዎቹን የሚገጣጥምበት ጠዋት ሚቅላቱ ሙሉ ነበር። አባባ መስፏን በገበያ ጋሪ ይዘው በደረጃው ላይ ዱብ ዱብ እያደረጉ ወረዱ። ማንንም አላስፈቀዱም። መሬት ላይ አኖሯት፣ ተቀመጡ፣ እጃቸውን ወደ ዜቭ ዘረጉ። ሉባ ፈጥና ከሳጥን ውስጥ እባብ የመሰለ ጠማማ ሐዲድ አውጥታ ለዜቭ ሰጠችው፤ ዜቭም ምን ያድርግ፣ አቀበላቸው። አባባ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ያቀኑትን ለኔ ሰጡኝ፤ እኔም በሁሉም ፊት ከሌላ ሐዲድ ጋር በየድኩት። በጣም ተናድጄ ነበር። ሉባ ፉርጎ አስቀመጠችበትና በጣቷ ገፋችው። ድምፅ የለም።

ከዚያ አባባ ተነሡና፣ ስንት ዓመት ፋብሪካ ሲሠሩ «እሺ»ና «ደህና ዋሉ» ብቻ ሲሉ የኖሩት ሰውዬ፣ በአውራ ጣታቸው ደረታቸውን ነክተው፣ «አኒ አሲቲ» አሉ። በዕብራይስጥ፤ እኔ ሠራሁ። እኔን አመለከቱና፣ «ቬሂ» አሉ። እሷም።

ዜቭ ምን ያለ ይመስላችኋል? ይቅርታ? ኧረ ወዲያ! «ታዲያ ለምን ከመጀመሪያው አልተናገራችሁም?» አለ። እንዲህ ብሎ ሰሌዳችንን ከግድግዳው አዙሮ ከሌሎቹ ጋር ገጠመው። አባል ሆንኩ። በሃኑካ ባቡሯ በኛ ብሎክ ሥር፣ በሽማግሌው አጠገብ፣ ጭጭ ብላ አለፈች።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ። ዜቭን እረግም ነበር፣ ያችን ጎረቤት እረግም ነበር፣ ያበቃ ነበር።

በትርኢቱ ቀን አባባ ከሰሌዳው አጠገብ አልተንቀሳቀሱም። ሰው መጥቶ «ማን ሠራው?» ሲል፣ «አኒ። ቬሂ።» አንዱ ሲሄድ ሌላው ይመጣል፤ «አኒ። ቬሂ።» ሰው ሳይጠይቃቸውም መናገር ጀመሩ። አማርኛ የማትሰማ ሴትዮ እጅ ይዘው ሐዲዱን አስዳሰሷት። አንድ ሕፃን አቅፈው የሽቦ ሰዎቹን አሳዩት፣ የእያንዳንዱን ስም ነገሩት። ድምፃቸው ከፍ አለ። ሰባ ዓመት ያጠራቀሙትን ነው በአንድ ቀን የሚያወጡት፤ ያኔ ግን ይሄ አልገባኝም። የክፍሌ ልጆች መጡ። አባባን አዩና እርስ በርስ ተጠቃቀሱ። አንዷ «አኒ! ቬሂ!» ብላ ቀለደች። ፊቴ ነደደ። ኮታቸውን ጎተትኩ።

«አባባ፣ በቃ» አልኳቸው። «ሰው ይስቃል።»

አዩኝ። አልተቆጡም። «እሺ ልጄ» አሉና እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ። ወዲያው አንድ ሽማግሌ መጥተው፣ የኛው ሰው ናቸው፣ በአማርኛ «ይሄን የመሰለ ነገር ማን ሠራው?» ብለው ጠየቁ።

«ራሱ ነው የተሠራው» አሉ አባባ።

ዜቭ ውሸታም ብሎ እንኳ ዝም ሊያሰኛቸው አልቻለም። እኔ በአንዲት «በቃ» ዝም አሰኘኋቸው። ከዚያ ቀን በኋላ «አኒ አሲቲ» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም፤ አምና ዐረፉ። ዜቭን ስረግመው እኖራለሁ፤ ስለዚያች «በቃ» ግን የምረግመው ሌላ ሰው የለኝም።

ወታደሩ ልጅ ካውያውን እንደያዘ ይጠብቀኛል። ባቡሯ ዞራ እንደገና የኛ ሰሌዳ ላይ ደረሰችና ድምፅዋ ጠፋ።

«ደሴ የሚባሉ ቀጥቃጭ ናቸው» አልኩት። ድምፄ ከሚያስፈልገው በላይ ጮኸ፤ ይጩኽ። «አያቴ። ሐዲዱን እሳቸው አቀኑት፤ መጋጠሚያውን እኔ በየድኩት።»

ልጁ እርሳስ አነሣና የሰሌዳው ጠርዝ ላይ ሁለታችንንም ጻፈ። ሲጨርስ የሳቸውን ስም ጮክ ብሎ እንዲያነብልኝ አደረግሁት።